የኔታ፣ ኮሎራዶ ወይና ደጋ ነው

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ የኔታ፤ ላስታ፣ ላሊበላ።

እኔ ልጅዎ፣ የላሊበላ አምላክ ክብር ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆትዎና ከቅጽ መሙላት በስተቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤውን የሚያነብልዎ የእኅቴ ልጅ ነው። አንተ ልጅ፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አትሩጥ፤ የኔታ ሲስቁ ቆም በል፤ እሳቸው ካልሳቁ አንተም አትሳቅ።

ባለፈው በስልክ «ቴክሳስን ለቅቄ ኮሎራዶ ገባሁ» ብልዎ «ማን አዛወረህ?» አሉኝ። ወዲያው ኔትወርኩ ሄደና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ማንም አላዛወረኝም፣ የኔታ። እዚህ አገር መምህር አዛዋሪ የለውም። በ1999 ዓ.ም. ቡግና ገጠር ስመደብ እጣውን ያወጣሁት በገዛ እጄ ቢሆንም መዳቢው መንግሥት ነበር። ሲበቃኝ የዝውውር ቅጽ ሞላሁ፤ የአገልግሎት ዘመን ነጥብ ተያዘልኝ፤ ስሜ ስንተኛ ላይ እንዳለ ለማየት ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ተጋፋሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ላሊበላ ገባሁ። ቡግና መምህር የነበርኩትን ሰው ላሊበላ ስደርስ «ለመሆኑ መምህር ነህ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ከዚያ ደግሞ ዲቪ ወጣልኝ። በሕይወቴ ሁለት ጊዜ እጣ ወጥቶልኛል፤ አንዱ ቡግና፣ አንዱ አሜሪካ። ቡግናው በወረቀት በኩል እጅግ ይቀላል።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ባለቤቴ ነርስ መሆኗን ያውቃሉ። ዴንቨር ከሚገኝ ሆስፒታል ሥራ አገኘች፤ ደመወዙ ይሻላል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሐበሻውም ሞልቷል ተባለ። ዕቃችንን መኪና ላይ ጫንን፤ ከዳላስ ተነሥተን በአማሪሎ አድርገን፣ የኒው ሜክሲኮን ጥግ ረግጠን፣ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳን። ከላሊበላ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጋሸና ላይ ወርዶ ሻይ መጠጣት የለም። እሷ ዕቃው ሳይፈታ ሥራ ገባች። ከ40 በላይ ስቴቶች የነርስ ፈቃድ ላይ ተስማምተዋል፤ ቴክሳስም ኮሎራዶም አሉበት። የኮሎራዶውን እስክታወጣ ድረስ በቴክሳሱ እየሠራች መቆየት ትችላለች። የእኔ የመምህርነት ፈቃድ ግን ድንበሩን እንደተሻገረ ተራ ወረቀት ሆነ። መምህራንም የእነሱን የመሰለ ስምምነት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 10 ስቴቶች ገቡበትና ጸና። ኮሎራዶ ከአሥሩ አንዷ ናት፤ ቴክሳስ የለችበትም። እንግዲህ በአንድ አልጋ ከምንተኛ ሁለት ሰዎች አንዷ የአሜሪካ ነርስ፣ አንደኛው የቴክሳስ መምህር ሆነን አረፍነው። (አንተ ልጅ፣ «በአንድ አልጋ» የሚለውን ዝለለው።)

መንጃ ፈቃዴን እንኳ አሮጌውን ተቀብለው አዲስ ሰጡኝ። ጋብቻዬንም «የት ነው የተጋባኸው?» ሳይሉ አጽድቀውልኛል። ሚስትና መኪና ይዞ ስቴት መሻገር ይቻላል፤ ሒሳብ ይዞ መሻገር ነው ችግሩ።

ምክንያቱን ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንድም ቃል አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ደግሞ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠ፣ ለስቴቶቹም ያልተከለከለ ሥልጣን የስቴቶቹ ወይም የሕዝቡ ነው ይላል። ትምህርት በዚህ መንገድ ለስቴቶቹ ቀረ። ዋሽንግተን ያለው የትምህርት መሥሪያ ቤት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የትናንት ልጅ ነው፤ ገንዘብ ያከፋፍላል እንጂ ለየትምህርት ቤቱ መምህር አይቀጥርም፣ አያዛውርም። 50 ስቴት፣ 50 ዓይነት ፈቃድ፣ 50 ዓይነት ቅጽ። ቴክሳስ የተፈተንኩት ሒሳብ ነው፤ እዚህም የማስተምረው ሒሳብ ነው። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘናት ድምር ቴክሳስም 180 ዲግሪ ነው፣ ኮሎራዶም 180 ዲግሪ ነው። ይህንን አንሥቼ ልከራከር አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ከለከለችኝ።

ያኔ ነው እርስዎን ያሰብኩ። ድጓውን ከዘለቁ በኋላ ለምስክር በእግርዎ መቄትን አቋርጠው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም የሄዱበትን ስንት ማታ አጫውተውናል። ቤተ ልሔም የተመሰከረለት የድጓ መምህር ከዚያ ወዲያ ጎጃም ይሻገር፣ ሸዋ ይውረድ፣ ትግራይ ይግባ፣ «እስቲ እንደገና ልፈትንህ» የሚለው የለም። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ ይመሰክራል፣ አለቀ። በዘመነ መሳፍንት እንኳ፣ የየጁው ከስሜኑና ከጎጃሙ ሲዋጋ፣ አገሩ ተከፋፈለ እንጂ ምስክሩ አልተከፋፈለም። ይህን ሁሉ ስልክ ላነሣችልኝ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ዘርዝሬ ነገርኳት። በጸጥታ ሰማችኝና «በጣም ዘመናዊ አሠራር ነው፤ መቼ ነው የጀመራችሁት?» አለችኝ።

ቀጥሎ አሻራ መጣ። ቴክሳስ አሥሩንም ጣቶቼን ሰጥቼ ነበር፤ ኮሎራዶ የራሴ ይኑረኝ አለች። «ያው ጣት እኮ ነው» ብል «ያኛው የቴክሳስ ፋይል ነው» ተባልኩ። መኪና ስንጭን ጣቶቼን ዳላስ ትቻቸው የመጣሁ ነው የሚመስለው። ወረፋ ይዤ ገባሁ፤ መሣሪያው አላነበበኝም። የጠመኔ ዱቄት ነው፣ የልጅነት ድንጋይ መውጣት ነው፣ እንጃ፣ አሻራዬ ደብዝዟል። አሻራ የምታነሣው ልጅ ጣቶቼን አገላብጣ አየችና «የግንባታ ሠራተኛ ነህ?» ስትለኝ «የላሊበላ ልጅ ነኝ» አልኳት። ጎግል አድርጋ የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ አየች፤ ከዚያ ወዲያ አከበረችኝ። ሙያው በዘር የሚወርድ መስሏት ይሆናል፤ እኔም አላረምኳትም።

ዲግሪዬ ደግሞ በግምገማ ያልፋል። የውጭ አገር ዲግሪ ያለው ሰው ወረቀቱን ለሚመዝን ድርጅት ይልካል፤ ድርጅቱ ተከፍሎት የእኛ ዲግሪ ከእነሱ ዲግሪ ጋር ይተካከል እንደሆነ ይመሰክራል። ከባሕር ዳር የመጣው የውጤት ወረቀት 1998 ይላል፤ የሥራ ልምዴ ላይ ግን ተርጓሚው ቀኑን ወደ ፈረንጅ ለውጦት 2006 ብሏል። አንድ ጥያቄ በኢሜይል ደረሰኝ፦ «በ1998 ተመርቀህ በ2006 ሥራ ጀምረሃል። በእነዚህ 8 ዓመታት ምን ስትሠራ ነበር?» ልብ ይበሉ፣ የኔታ፣ የአንድ ክረምት ሐምሌና መስከረም ነው። የእኛ ዘመን ከእነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሆኑን፣ ዓመታችን 13 ወር መሆኑን አስረዳሁ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ «እንግዲያው መምህራን የ13 ወር ደመወዝ ይከፈላቸዋል ማለት ነው?» ጳጉሜን በነጻ እንደሆነች ጻፍኩላቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላነሡም፤ ያዘኑልኝ ይመስለኛል።

ወረቀቱ በአንድ በኩል ሲፈላ በሌላ በኩል ሥራ መፈለግ አለ። ኮሎራዶ 178 የትምህርት ዲስትሪክት አላት፤ እያንዳንዱ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ የደመወዝ ሠንጠረዥ፣ የራሱ የማመልከቻ ገጽ አለው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማለት ነው፤ ግን በላዩ መዳቢ ዞን የሌለው። ገጠር ገጠሩ ላይ አብዛኞቹ በሳምንት 4 ቀን ብቻ ነው የሚያስተምሩት፤ ገንዘብ ለመቆጠብና መምህር ለመሳብ ነው ይላሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳዊት ያስደግሙን የነበሩት እርስዎ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ስለማውቅ አልፌዋለሁ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ትንሽ ልቆይበት።

ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ፈገግ አሉና «ከሌሎች አመልካቾች የምትበልጥበትን ንገረን» አሉኝ። ላስታ ውስጥ ራሱን የሚያመሰግን ሰው ወይ ጠጥቷል ወይ ሊፎክር ነው። «ሰው ቢመሰክርልኝ ይሻላል» ብዬ በትሕትና አቀረቀርኩ። በመጀመሪያው ቦታ እንዲሁ አቀርቅሬ ወጣሁ፤ ሥራውንም ሳላገኝ ወጣሁ። ባለቤቴ ማታ ሰማችኝና «አንተ ሰውዬ፣ ፎክር እንጂ! እዚህ አገር ቃለ መጠይቅ ማለት ፉከራ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጎራዴና ጎፈር የለም እንጂ ሁሉም «ዘራፍ» እያለ ነው የሚቀጠረው። በሚቀጥለው ቦታ ገና ሳይጠይቁኝ ጀመርኩት፦ ወንበር በሌለበት ያስተማርኩ፣ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ እያካፈልኩ ማትሪክ ያሳለፍኩ፣ በአንድ ክፍል 70 ልጅ የያዝኩ! ርእሰ መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠችና «17 ነው ያልከው?» አለች። «70» አልኳት። «ረዳት ነበረህ?» «አለቃ ነበር፤ እሱም የክፍሉ ልጅ ነው።» ጠረጴዛው ዙሪያ ዝም ዝም ሆነ።

ከዚያ የናሙና ትምህርት አስተምር ተባልኩ። የሚማሩት ልጆች እንዳይመስሉዎ፤ ራሳቸው ጠያቂዎቹ ናቸው፣ ልጅ መስለው። ፂሙ የሸበተ ሰውዬ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ስልክ ይነካካል፤ የሚረብሽ ተማሪ ሆኖ ነው። አንዲት የተከበረች ሴትዮ «አልገባኝም፣ አልገባኝም» ትላለች፤ የሰነፍ ተማሪ ድርሻ ደርሷት ነው። የኔታ፣ እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት ልንገርዎ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማስተማሬን ሳላቋርጥ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና በእርስዎ ዓይን አየሁት። ያቺ ዳዊት ስንሳሳት የሚያዩንባት ዓይን። እግሩን አወረደ። ኋላ ላይ ግምገማቸውን ሲነግሩኝ «ጥሩ የክፍል አያያዝ ስልት ነው፤ ስልጠናውን የት ወሰድክ?» አሉኝ።

ስለ አርጩሜ መጠየቅዎ አይቀርም። ቴክሳስ ሕጉ ዛሬም ተማሪ መምታትን ይፈቅዳል፤ እኔ በነበርኩበት ግን ሲሠራበት አላየሁም። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2023 በሕግ ከለከለችው። እንግዲህ በዚህ ነገር እርስዎ ቴክሳስ፣ እኔ ኮሎራዶ ነን።

ሥራውን ያገኘሁት በዚያ ቦታ ነው፤ አውሮራ ውስጥ፣ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ። ከመውጣቴ በፊት ፂማሙ ሰውዬ በቅንነት መከረኝ። ከዳላስ ስለመጣሁ ከፍታው ሊያዞረኝ ስለሚችል ውኃ አብዝቼ እንድጠጣ፣ ደረጃ ስወጣ እንዳልቸኩል። የዴንቨር ሰዎች በከፍታቸው ይኮራሉ፤ ምክር ቤታቸው ደረጃ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ማይል የሚል ቀርጸውበታል፤ 1,609 ሜትር መሆኑ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ አሸተን ማርያም ከ3,000 በላይ ላይ ነች፤ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ያልፋል። በእኛ አቆጣጠር ዴንቨር ደጋ አይባልም፣ ወይና ደጋ ነው፤ ያውም ከቆላው ጥግ! እኔ ምክሩን አመስግኜ ውኃውን ጠጣሁ። ተራሮቻቸው ግን እውነተኛ ናቸው፣ ኤልበርት የሚሉት 4,400 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አቡነ ዮሴፍን በልጦታል፤ ይህን ለላሊበላ ሰው አይንገሩብኝ።

ተማሪዎቼ ከየዓለሙ ናቸው። በዚህ ከተማ ትምህርት ቤቶች ከመቶ በላይ ቋንቋ ይነገራል፤ አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ ስፓኒሽ፣ በርማኛ። በመጀመሪያው ሳምንት ከየት እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ካርታ ዘረጋሁ። ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። በኮሎራዶ ደቡብ ምዕራብ ሜሳ ቬርዴ የሚባል፣ የጥንት ሕዝቦች ገደል ሥር የገነቧቸው የድንጋይ ቤቶች ያሉበት ቦታ አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፍት መጀመሪያ ካሰፈራቸው 12 ቦታዎች አንዱ እሱ ነው፤ አንዱ ደግሞ የእኛ ላሊበላ ነው። ስሜንም አለበት። «እናንተና እኔ መዝገብ የገባነው በአንድ ቀን ነው» ብላቸው አንዱ ልጅ «ታዲያ እርስዎን ፈቃድ ለምን ጠየቁዎት?» አለኝ። ስለ ፈቃዱ ራሴ ነግሬያቸው ነበርና መልስ አጣሁለት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ክፍልፋይ ግን አይችልም።

ሳልረሳው፣ ፈቃዴን ለማደስ ሲደርስ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ ልጅ እንዴት እንደሚማር የ45 ሰዓት ስልጠና መውሰድ አለብኝ፤ ሒሳብ የሚያስተምር ሁሉ ይወስዳል። እኔ እንግሊዝኛን ቡግና ላይ እየተማርኩ በእንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስልጠናውን ልስጥ ወይስ ልውሰድ ብዬ አልጠየቅኩም፤ እወስዳለሁ።

አንዳንዴ ማታ ሳስበው የሚገርመኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኬኔዲ ከ270 በላይ የሰላም ጓዶች ወደ እኛ አገር ሲልክ አብዛኞቹ የገቡት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ደሴም ጭምር። ብዙዎቹ ከኮሌጅ የወጡት ያንኑ ዓመት ነበር። ጃንሆይ ተቀበሏቸው፤ ልጆቻችን ተማሩባቸው። «ፈቃድህ የካንሳስ ነው የኦሃዮ?» ያላቸው አልነበረም። ከእነሱ በፊትም በኋላም የሕንድ መምህራን ፊዚክሱን ተሸክመውልን ነበር። የእኛ ችግር ሌላ ነው። እዚህ መምህር ጠፋ እያሉ መምህሩን በር ላይ ያቆሙታል፤ በአማራ ክልል ደግሞ መምህሩ አለ፣ ልጁም አለ፣ በጦርነቱ ምክንያት የክፍሉ በር ተዘግቶ የቆየበት ስንት ቦታ ነው! የእናንተ ሠፈር ትምህርት ቤት ዘንድሮ ተከፍቶ እንደሆነ በሚቀጥለው ስልክ መጀመሪያ እሱን ይንገሩኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ የጻፍኩልዎት ለዚህ ነው።

እዚህ ደመወዝ በእርከን ነው፤ በአንድ በኩል የአገልግሎት ዓመት፣ በሌላው የትምህርት ደረጃ ተቀምጦ መጋጠሚያቸው ላይ ያለውን ትበላለህ። የቴክሳሱን አገልግሎቴን ቆጥረውልኛል። የቡግናውንና የላሊበላውን ግን የቀድሞ አሠሪዬ በራሱ ወረቀት ጽፎ፣ አሽጎ፣ በቀጥታ ለዲስትሪክቱ ካልላከ አይቆጥሩም። ደብዳቤው ስለ እኔ ነው፤ እኔ ግን ማየት አይፈቀድልኝም። ከፈትኩት ማለት ሰረዝኩት ነው። ለእኅቴ ልጅ አድራሻውን ለብቻው ልኬለታለሁ። እርስዎ በጽሕፈት ቤቱ ዘንድ የተከበሩ ነዎትና አብረውት ቢሄዱ አንድ ቀን ይበቃል፤ እሱ ብቻውን ከሄደ «ነገ ና» ይሉታል።

ሦስት ነገር ብቻ አደራ። ማኅተሙ ሲመታ ቀለሙ ይነበብ፤ ግማሽ ጨረቃ የሆነ ማኅተም እዚህ ሐሰተኛ ይባላል። ዓመቱን ከቡግና እስከ ላሊበላ ሳይቆርጡ ይጻፉት፤ እነዚህ ሰዎች ክፍተት ይወዳሉ። ሦስተኛው፣ ቀኑን እባክዎ በፈረንጅ አቆጣጠር ያስጽፉልኝ። በእኛው ከጻፉት ሌላ 8 ዓመት የት እንደጠፋሁ ላስረዳ ነው፤ ለጳጉሜን ያዘኑልኝ ሰዎች ሁለተኛ አያዝኑልኝም።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ